የሸክላ ማጫወቻ ክንድ እንዴት ይተካል? የጂኦሜትሪና የሬዞናንስ ትምህርት

መግቢያ

አሮጌ የሸክላ ማጫወቻዎች ከሚያጋጥሟቸው ብልሽቶች አንዱ የመርፌው ክንድ ከአገልግሎት ውጪ መሆን ነው። ሞተሩ ደህና ነው፤ ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህንም ፍጥነቱን ጠብቆ ይሽከረከራል፤ ነገር ግን ክንዱ ተጣሟል፣ ኩሽኔታው ላልቷል፣ ወይም በውስጡ የሚያልፉት ቀጫጭን ሽቦዎች ተበጥሰዋል። በዚህ ጊዜ ከሌላ ማጫወቻ የተፈታ ወይም አዲስ የተገዛ ክንድ አምጥቶ በቀድሞው ቀዳዳ ላይ ማሰር ቀላሉ መፍትሔ ይመስላል። ክንዱ ይታሰራል፣ መርፌው ሸክላው ላይ ያርፋል፣ ድምፅም ይወጣል። ብዙ ሰው ሥራው ተጠናቀቀ ብሎ የሚያስበው እዚህ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ድምፅ መውጣቱ ክንዱ በትክክል መገጠሙን አያረጋግጥም። አንድ ክንድ ከአንድ ማጫወቻና ከአንድ ካርትሪጅ ጋር የሚዛመደው በመልኩ ወይም በዋጋው ሳይሆን በሦስት መጠኖች ነው፤ እነርሱም ርቀት፣ መጠነ ቁስና ከፍታ ናቸው። እነዚህ ሳይዛመዱ ከቀሩ ማጫወቻው ሥራውን አያቆምም፤ በመርፌውና በቦዩ ላይ ያለ አግባብ የሚያርፈው ኃይል ግን ሸክላው በተጫወተ ቁጥር ይደጋገማል። የተፋቀ ቦይ ደግሞ አይጠገንም። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱ መጠኖች ከየት እንደሚመጡ፣ በወረቀትና በእርሳስ እንዴት እንደሚሰሉና አዲሱ ክንድ በምን ቅደም ተከተል እንደሚገጠም እንመለከታለን። የሚያስፈልገን የሒሳብና የፊዚክስ ዕውቀት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚያልፍ አይደለም።

የቀረጸው ስለትና የሚያነብበው መርፌ

ሸክላ ሲመረት በመጀመሪያ ድምፁ በአንድ እናት ዲስክ ላይ በስለት ይቀረጻል። ስለቱ ከዳር ወደ መሐል የሚጓዘው ቀጥታ የሬዲየሱን መስመር ተከትሎ ነው። ስለዚህ በዲስኩ ላይ የትም ቦታ ቢሆን አቅጣጫው ለቦዩ ታንጀንት ነው፤ ይኸውም ከሬዲየሱ ጋር ምንጊዜም የ90 ዲግሪ ማዕዘን ይሠራል።

በቤታችን ያለው ማጫወቻ ግን ከዚህ ይለያል። መርፌው የሚገኘው በአንድ ነጥብ ላይ በሚዞር ክንድ ጫፍ ስለሆነ መንገዱ ቀጥታ መስመር ሳይሆን ቅስት ነው። በመሆኑም በቀረጸው ስለት አቅጣጫና በሚያነብበው መርፌ አቅጣጫ መካከል ልዩነት ይፈጠራል። ይህንን ልዩነት የአቅጣጫ ስህተት እንለዋለን፤ የሚለካውም በዲግሪ ነው።

የአቅጣጫ ስህተት ድምፁን ያዛባል። መዛባቱም ስህተቱ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል፤ ከዚህም በላይ መርፌው ወደ መሐል በቀረበ ቁጥር ይብሳል። ምክንያቱን ለመረዳት የቦዩን ፍጥነት እናስላ። በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞር ሸክላ ከመሐሉ 146 ሚሊ ሜትር በሚርቀው የዳር ቦይ ላይ በሰከንድ 0.51 ሜትር ያህል ከመርፌው ሥር ያልፋል። ከመሐሉ 60 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ግን ፍጥነቱ በሰከንድ 0.21 ሜትር ብቻ ነው። የአንድ ሰከንድ ዜማ በዳር ከያዘው ርዝመት ከግማሽ በታች በሆነ ቦታ ተጨናንቆ ተጽፏል ማለት ነው። የተጨናነቀ ጽሑፍ ለማንበብ የበለጠ ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ወደ መሐል ያለውም ቦይ ትንሽ የአቅጣጫ ስህተት እንኳ አይችልም።

መሐንዲሶች ይህንን ስህተት ለመቀነስ ሁለት ዘዴዎችን በአንድነት ይጠቀማሉ። አንደኛው የክንዱን ጫፍ፣ ማለትም ካርትሪጁ የሚታሰርበትን ክፍል፣ ወደ ውስጥ ማጠፍ ነው። ሁለተኛው መርፌው በሳህኑ የመሐል ዘንግ ላይ እንዲያርፍ ሳይሆን ከዘንጉ ጥቂት ሚሊ ሜትር አልፎ እንዲሄድ ክንዱን ማስረዘም ነው። ይህ ከዘንጉ የሚያልፈው ርዝመት ትርፍ ይባላል።

ሁለቱ ዜሮ ነጥቦች

አሁን ሦስት ነጥቦችን በአእምሯችን እንያዝ፤ እነርሱም የክንዱ መዞሪያ፣ የሳህኑ የመሐል ዘንግና የመርፌው ጫፍ ናቸው። ሦስቱ አንድ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ከመዞሪያው እስከ መርፌው ጫፍ ያለውን የክንዱን ውጤታማ ርዝመት «ር» እንበለው። ከመዞሪያው እስከ ዘንጉ ማእከል ያለው ርቀት «ቀ»፣ ከዘንጉ እስከ መርፌው ያለው ሬዲየስ «ሬ»፣ የክንዱ ጫፍ የታጠፈበት ማዕዘን ደግሞ «ማ» ይሁን። ትርፉ ር − ቀ ነው።

በኮሳይን ሕግ መሠረት፣ በመርፌው ጫፍ ላይ በክንዱና በሬዲየሱ መካከል ያለው ማዕዘን «ሀ» ቢሆን፦

ቀ² = ር² + ሬ² − 2 × ር × ሬ × ኮሳይን ሀ

ካርትሪጁ ለቦዩ ትክክለኛ ታንጀንት የሚሆነው ሀ = 90° − ማ ሲሆን ነው። በዚህ ጊዜ ኮሳይን ሀ ከሳይን ማ ጋር እኩል ስለሚሆን እኩልታው እንዲህ ይሆናል፦

ሬ² − (2 × ር × ሳይን ማ) × ሬ + (ር² − ቀ²) = 0

ይህ ተማሪዎች በሚገባ የሚያውቁት ኳድራቲክ እኩልታ ነው። ኳድራቲክ እኩልታ ደግሞ ሁለት መልሶች ሊኖሩት ይችላሉ። ከዚህም የምንረዳው፣ በትክክል የተገጠመ ክንድ በሸክላው ላይ በሁለት ቦታዎች የአቅጣጫ ስህተቱ ዜሮ እንደሚሆን ነው። የሁለቱ ሬዲየሶች ድምር 2 × ር × ሳይን ማ ሲሆን ብዜታቸው ር² − ቀ² ነው። ብዜቱን የሚወስኑት ርዝመቱና ርቀቱ፣ ድምሩን የሚወስኑት ርዝመቱና ማዕዘኑ መሆናቸውን ልብ እንበል።

ሁለቱን ዜሮ ነጥቦች የት ብናደርጋቸው በጠቅላላው ሸክላ ላይ ያለው መዛባት ያንሳል? ይህንን ጥያቄ ስዊድናዊው ኤሪክ ሎፍግሬን እ.ኤ.አ. በ1938 ዓ.ም.፣ ከእርሱም ቀጥሎ ቤርዋልድ በ1941 ዓ.ም. በሒሳብ አጥንተውታል። ቦዩ ከ146 እስከ 60.3 ሚሊ ሜትር ይዘልቃል ተብሎ ሲሰላ፣ በእነርሱ ዘዴ የሚገኙት ሁለቱ ነጥቦች 66.0 እና 120.9 ሚሊ ሜትር ናቸው። ሌላው የታወቀ አሠላል እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. ስቲቨንሰን ያቀረበው ሲሆን፣ የውስጠኛውን ዜሮ ነጥብ በመጨረሻው ቦይ ላይ፣ ማለትም በ60.3 ሚሊ ሜትር ላይ ያደርገዋል። ሁለተኛው ነጥብ 117.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ምሳሌ፦ የሰባት ሚሊ ሜትር ልዩነት

ስሌቱ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ሁለት የታወቁ ዕቃዎችን እንውሰድ። የጃፓኑ ቴክኒክስ ኤስ ኤል 1200 ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ማርክ 2 የተባለው እጅግ የተስፋፋው ዓይነት በ1979 ዓ.ም. ወጥቷል። የክንዱ ውጤታማ ርዝመት 230 ሚሊ ሜትር፣ ከመዞሪያው እስከ ዘንጉ ያለው ርቀት ደግሞ 215 ሚሊ ሜትር ነው። በእንግሊዝ አገር የሚሠራው የሬጋ ክንድ በበኩሉ ርዝመቱ 237 ሚሊ ሜትር ሲሆን በ222 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ እንዲተከል ተደርጎ የተሠራ ነው። የሁለቱም ትርፍ 15 ሚሊ ሜትር ነው። የመገጠሚያ ርቀታቸው ግን በ7 ሚሊ ሜትር ይለያያል።

አንድ ሰው የቴክኒክሱ ክንድ ተበላሽቶበት የሬጋውን ክንድ በ215 ሚሊ ሜትር ላይ ቢተክለው ምን ይሆናል? ለስሌታችን ማዕዘኑን 22 ዲግሪ እናድርገው። በትክክለኛው ርቀት፣ በ222 ሚሊ ሜትር፣ የሁለቱ ነጥቦች ድምር 177.6፣ ብዜታቸው ደግሞ 6885 ነው። እኩልታው ሲፈታ ዜሮ ነጥቦቹ 57.2 እና 120.4 ሚሊ ሜትር ሆነው ይገኛሉ። ሁለቱም መልካም ቦታዎች ናቸው።

በ215 ሚሊ ሜትር ሲተከል ግን ብዜቱ 237² − 215² = 9944 ይሆናል። የድምሩ ስኩዌር 31,500 ገደማ ሲሆን የብዜቱ አራት እጥፍ 39,776 ነው። ከስኩዌር ሥሩ ሥር ያለው ቁጥር ኔጌቲቭ ሆነ ማለት ነው! እኩልታው እውናዊ መልስ የለውም። ይህ የሒሳብ መልስ በሸክላው ላይ ሲተረጎም፣ መርፌው ከዳር እስከ መሐል ሲጓዝ በአንድም ቦታ ትክክለኛውን አቅጣጫ አያገኝም ማለት ነው።

የስህተቱን መጠን በዲግሪ ስናወዳድረው ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ከመሐሉ 146 ሚሊ ሜትር ላይ፣ በትክክል የተተከለው ክንድ 2 ዲግሪ ሲሳሳት የተሳሳተው 4.9 ዲግሪ ይሳሳታል። በ100 ሚሊ ሜትር ላይ 1.1 ዲግሪ የነበረው 2.9 ዲግሪ ይሆናል። ቦዩ እጅግ በተጨናነቀበት በ60 ሚሊ ሜትር ላይ ደግሞ 0.4 ዲግሪ የነበረው 6.4 ዲግሪ ይደርሳል። ካርትሪጁን በመያዣው ውስጥ በማዞር ይህንን በከፊል መቀነስ ይቻላል፤ ሆኖም ከፍተኛው ስህተት ጉዳቱ በሚብስበት በውስጠኛው ቦይ ላይ ይቀራል። ትክክለኛው መፍትሔ ለአዲሱ ክንድ የሚስማማ የመገጠሚያ ሰሌዳ ሠርቶ መዞሪያውን በ222 ሚሊ ሜትር ላይ ማዋል ነው። ሰባት ሚሊ ሜትር የእርሳስ ውፍረት ያህል ብቻ ናት፤ በእኩልታው ውስጥ ግን መልስ ባለውና መልስ በሌለው መካከል ያለች ድንበር ናት።

የትኞቹን ሸክላዎች እናጫውታለን?

ከላይ ያየናቸው ስሌቶች የተሠሩት ለትልቁ፣ ባለ 12 ኢንች ሸክላ ነው። ወደ አገራችን ስንመለስ ግን አንድ ልዩ ነገር እናገኛለን። በኢትዮጵያ የዘመናዊ ሙዚቃ ወርቃማ ጊዜ ከታተሙት ሸክላዎች አብዛኞቹ ሁለት ዘፈን ብቻ የሚይዙት፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ባለ 7 ኢንች ሸክላዎች ናቸው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. አቋቁመው እስከ 1975 ዓ.ም. የሠሩበት አምሃ ሪከርድስ የአለማየሁ እሸቴን፣ የመሐሙድ አሕመድንና የሌሎችንም ድምፅ ያሰራጨው በአመዛኙ በእነዚህ ትንንሽ ሸክላዎች ነበር።

የባለ 7 ኢንች ሸክላ ቦይ ከመሐሉ ከ84 እስከ 54 ሚሊ ሜትር ገደማ ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ 120 ሚሊ ሜትር ላይ ያለው ሁለተኛው ዜሮ ነጥብ ከነአካቴው ከሸክላው ውጪ ነው፤ ለእኛ የሚጠቅመን የውስጠኛው ብቻ ነው። የ237 ሚሊ ሜትሩን ክንድ በሎፍግሬንና በቤርዋልድ ዘዴ ብንገጥመው፣ ርቀቱ 219.5 ሚሊ ሜትር፣ ማዕዘኑ 23.2 ዲግሪ ይሆናል። በዚህ አሠራር በ84 ሚሊ ሜትር ላይ ስህተቱ 1 ዲግሪ፣ በ54 ሚሊ ሜትር ላይ ግን 2 ዲግሪ ነው። በ222 ሚሊ ሜትርና በ22 ዲግሪ ስንገጥመው ደግሞ በ84 ሚሊ ሜትር 1.5 ዲግሪ፣ በ54 ሚሊ ሜትር ግን 0.5 ዲግሪ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ስብስቡ በብዛት ባለ 45 ዙር ሸክላ የሆነ ሰው ውስጠኛውን ቦይ የሚያስቀድመውን አሠራር ቢመርጥ የተሻለ ነው። ከሁሉ የሚበልጥ አንድ አሠራር አለ ከማለት ይልቅ፣ የትኛው አሠራር ለየትኛው ሸክላ እንደሚስማማ መጠየቅ ይገባል።

መጠነ ቁስና ሬዞናንስ

ርቀቱ ከተዛመደ በኋላ ክንዱ ከካርትሪጁ ጋር መዛመድ አለበት። እዚህ ላይ ከጂኦሜትሪ ወደ ንዝረት ትምህርት እንሻገራለን።

የመርፌው ዘንግ በካርትሪጁ ውስጥ የተያዘው በአንዲት ተለጣጭ ጎማ ነው። ስለዚህ መርፌው እንደ ስፕሪንግ፣ ክንዱና ካርትሪጁ ደግሞ በስፕሪንጉ ላይ እንደተቀመጠ ጭነት ይሆናሉ። ከክንዱ የሚፈለጉት ሁለት ነገሮች የሚቃረኑ ይመስላሉ። ቦዩ ወደ መሐል ሲጓዝ፣ የተጣመመ ሸክላም ከፍና ዝቅ ሲል፣ ክንዱ በታዛዥነት ሊከተል ይገባል። ሙዚቃው መርፌውን ሲያንቀጠቅጠው ግን ክንዱ ፈጽሞ መንቀሳቀስ የለበትም፤ ድምፁ የሚገኘው መርፌው ከማይንቀሳቀስ ካርትሪጅ አንጻር ሲንቀጠቀጥ ነውና። ሁለቱን ተግባሮች የሚለየው ድንበር የሬዞናንስ ድግግሞሹ ነው። ከዚያ በታች ላለ እንቅስቃሴ ክንዱ ይከተላል፤ ከዚያ በላይ ላለው በቦታው ይጸናል።

በአሮጌ ሸክላ ላይ ያለው መጣመም በአመዛኙ ከ0.5 እስከ 6 ኸርዝ ያለ እንቅስቃሴ ይፈጥራል። ጆሯችን መስማት የሚጀምረው ከ20 ኸርዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሬዞናንሱ በሁለቱ መካከል፣ ከ8 እስከ 12 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ እንዲውል ይመረጣል። ስሌቱም ቀላል ነው፦

ድግግሞሽ = 159 ÷ √(መጠነ ቁስ × ተጣጣፊነት)

ድግግሞሹ በኸርዝ፣ መጠነ ቁሱ በግራም የተለካ ነው። ተጣጣፊነት የምንለው መርፌው በአንድ ሚሊ ኒውተን ኃይል ስንት ማይክሮ ሜትር እንደሚንቀሳቀስ የሚገልጸው ቁጥር ሲሆን፣ ከካርትሪጁ ጋር በሚመጣው መግለጫ ላይ ይገኛል። መጠነ ቁሱ የክንዱ ውጤታማ መጠነ ቁስ፣ የካርትሪጁና የቪቴዎቹ ድምር ነው።

«ውጤታማ» መባሉ ምክንያት አለው። ክንዱ የሚዞር አካል ስለሆነ፣ አንድ ግራም ምን ያህል እንደሚከብድ የሚወስነው ከመዞሪያው ያለው ርቀት በስኩዌር ነው። በመርፌው አጠገብ ያለ 1 ግራም ሙሉ 1 ግራም ሆኖ ይቆጠራል። ከመዞሪያው በስተኋላ በ30 ሚሊ ሜትር ላይ ያለ የ100 ግራም ሚዛን መጠበቂያ ግን በ237 ሚሊ ሜትሩ ክንድ ላይ የሚጨምረው 1.6 ግራም ብቻ ነው። በ60 ሚሊ ሜትር ላይ ያለ የ50 ግራም ሚዛን ተመሳሳይ ሚዛናዊነት ቢሰጥም የሚጨምረው 3.2 ግራም ነው። በመሆኑም ከባድ ሚዛንን ወደ መዞሪያው ማስጠጋት ቀላል ሚዛንን ከማራቅ ይመረጣል።

አሁን ምሳሌ እንሥራ። ውጤታማ መጠነ ቁሱ 11 ግራም በሆነ ክንድ ላይ 7.2 ግራም የሚመዝንና ተጣጣፊነቱ 20 የሆነ ካርትሪጅ፣ ለምሳሌ የዴንማርኩን ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ፣ እንሰር። ቪቴዎቹ 0.8 ግራም ቢሆኑ ድምሩ 19 ግራም ነው። 19 × 20 = 380፤ ሥሩ 19.5፤ ድግግሞሹ 8.2 ኸርዝ ይሆናል። ተስማሚ ነው። ይኸው ካርትሪጅ ውጤታማ መጠነ ቁሱ 20 ግራም በሆነ ከባድ ክንድ ላይ ቢታሰር ግን ድግግሞሹ ወደ 6.7 ኸርዝ ይወርዳል። ያን ጊዜ የተጣመመ ሸክላና በወለሉ ላይ የሚራመድ ሰው እግር ክንዱን ማወዛወዝ ይጀምራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ የጃፓን አምራቾች ተጣጣፊነትን የሚለኩት በ10 ኸርዝ ሳይሆን በ100 ኸርዝ ነው። የዴኖን ዲኤል 103 ካርትሪጅ ለምሳሌ 8.5 ግራም ይመዝናል፤ በ100 ኸርዝ የተለካው ተጣጣፊነቱ 5 ነው። ይህንን ቁጥር እንዳለ ወስደን ከ11 ግራሙ ክንድ ጋር ብናሰላው 15.8 ኸርዝ እናገኛለንና አይዛመዱም ብለን እንተወዋለን። ነገር ግን በ10 ኸርዝ የሚለካው ዋጋ በግምት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይሆናል። 10 ብለን ብናሰላው ድግግሞሹ 11.2 ኸርዝ ነው፤ ይህም በተፈለገው ክልል ውስጥ ይውላል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የተለካበትንም ሁኔታ ማንበብ ይገባል።

ከፍታ

ሦስተኛው መጠን የክንዱ ከፍታ ነው። መርፌው በቦዩ ውስጥ ሲያርፍ ክንዱ ከሸክላው ገጽ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። የመዞሪያው ቦታ ከፍ ካለ የካርትሪጁ ፊት ወደ ታች ያዘነብላል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ቀና ይላል። በ237 ሚሊ ሜትር ክንድ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ያህል የከፍታ ለውጥ አንድ ዲግሪ ይሆናል። የጥቂት ነጥብ ሚሊ ሜትር ልዩነት ስለዚህ ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም። ሆኖም የሳህኑና የምንጣፉ ውፍረት ከማጫወቻ ማጫወቻ ስለሚለያይ፣ ከሌላ ማጫወቻ የመጣ ክንድ በብዙ ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። አንዳንድ ክንዶች በቪቴ ከፍና ዝቅ የሚሉ ናቸው፤ ሌሎች ደግሞ ከሥራቸው ቀለበት በመጨመር ብቻ ይስተካከላሉ። ቀለበት ማስወረድ ስለማይችል፣ ሰሌዳው በመጀመሪያ ዝቅ ተደርጎ ቢሠራ ይሻላል።

የመግጠም ሥራ በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ከማንኛውም ሥራ በፊት ማጫወቻውን ከኤሌክትሪክ መንቀል፣ መርፌውን በክዳኑ መሸፈን፣ የሚቻል ከሆነም ካርትሪጁን ፈትቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አሮጌው ክንድ ከመፈታቱ በፊት የሽቦዎቹ ቦታ በወረቀት ላይ ይሣላል።

ሁለተኛ፣ የአዲሱ ክንድ ርቀት ከአምራቹ መግለጫ ይወሰዳል። መግለጫ ከሌለ የክንዱ ውጤታማ ርዝመት ተለክቶ ርቀቱ ከላይ ባየነው እኩልታ ይሰላል። ርቀቱ የሚለካው ከዘንጉ ማእከል እስከ መዞሪያው ማእከል እንጂ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አለመሆኑ መዘንጋት የለበትም። በዚህ ርቀት በካርቶን ላይ ቅስት ተሥሎ፣ ክንዱ በማረፊያውና በሸክላው መጨረሻ መካከል ሲንቀሳቀስ ከሳህኑም ሆነ ከክዳኑ ጋር የማይጋጭበት ነጥብ ይመረጣል። ክንዱ የሚያስፈልገው የኋላ ቦታም ይታሰባል፤ ሚዛኑ ከክዳኑ ጋር የሚጋጨው ብዙ ጊዜ በዚህ በኩል ነው።

ሦስተኛ፣ ዋናውን የማጫወቻ አካል ከመብሳት ይልቅ ተነቃይ ሰሌዳ መሥራት ይመረጣል። ሰሌዳ ቢበላሽ ሌላ ይሠራል፤ በማጫወቻው አካል ላይ ያለ ቦታው የተበሳ ቀዳዳ ግን አይደፈንም። ነጥቡ በሹል ብረት ምልክት ከተደረገበት በኋላ በመጀመሪያ በትንሽ፣ ቀጥሎም በትልቅ የትራፓኖ መብሻ ይበሳል። ሰሌዳው ጠንካራና በደንብ የታሰረ ይሁን። የሸክላ ቦይ ስፋቱ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ስለሆነ፣ ክንዱ ከሳህኑ አንጻር በዓይን በማይታይ መጠን እንኳ ቢነቃነቅ መርፌው እንደ ድምፅ ያነብበዋል። እንደ ቶረንስ ቲዲ 160 ባሉ ማጫወቻዎች ላይ ሳህኑና ክንዱ በስፕሪንግ በተንጠለጠለ አንድ አካል ላይ ይገኛሉ። በእነዚህ ላይ የክንዱ ክብደት ሲለወጥ ሚዛኑ ስለሚዛባ፣ ስፕሪንጎቹ በውሃ ልክ እየታዩ እንደገና ይስተካከላሉ።

አራተኛ፣ ሽቦዎቹ ይገናኛሉ። በተለመደው የቀለም ሥርዓት ነጭ የግራ ሲግናል፣ ሰማያዊ የግራ መልስ፣ ቀይ የቀኝ ሲግናል፣ አረንጓዴ የቀኝ መልስ ነው። ሽቦ በካርትሪጁ እግሮች ላይ በቀጥታ አይበየድም፤ ሙቀቱ በውስጥ ያለውን ፀጉር መሰል ጥቅል ያቃጥላልና። ከክንዱ የሚወጡት ሽቦዎችም እንቅስቃሴውን እንዳይገቱ ላላ ብለው ይተዋሉ።

አምስተኛ፣ ከፍታው፣ ከዚያም የመርፌው ጫና ይስተካከላል። ክንዱ በመጀመሪያ አየር ላይ ተንሳፎ እንዲቆም ሚዛኑ ይጠበቃል፤ ቀጥሎ ለካርትሪጁ የታዘዘው ጫና ይሰጠዋል። ጫናውን ማሳነስ ሸክላውን ይጠብቃል የሚለው አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ጫናው ያነሰው መርፌ በጠንካራ ድምፅ ላይ ከቦዩ ግድግዳ እየለቀቀ መልሶ ይመታዋል፤ ጉዳቱም ከተገቢው ጫና ይብሳል።

ስድስተኛ፣ የካርትሪጁ ቦታ ይረጋገጣል። ለዚህም በወፍራም ወረቀት ላይ መለኪያ ማዘጋጀት ይቻላል። ለዘንጉ የሚሆን ቀዳዳ ይበሳል፤ ከእርሱ በሚነሳ ቀጥታ መስመር ላይ ሁለቱ ዜሮ ነጥቦች ምልክት ይደረግባቸዋል፤ በየነጥቡም ላይ መስመሩን በ90 ዲግሪ የሚያቋርጡ ትይዩ መስመሮች ይሠመራሉ። መርፌው በሁለቱም ነጥቦች ላይ ሲያርፍ የካርትሪጁ ጎኖች ከመስመሮቹ ጋር ትይዩ ከሆኑ ሥራው ተሳክቷል። በአንዱ ነጥብ ብቻ የሚስማማ ከሆነ ካርትሪጁ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይገፋል።

በመጨረሻም ክንዱን ወደ መሐል የሚስበው ኃይል ይካካሳል። ክንዱ በመታጠፉና ከዘንጉ በማለፉ ምክንያት የቦዩ ሰበቃ ክንዱን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ጉተታው የመርፌውን ጫና አንድ አስረኛ ገደማ ሲሆን፣ ካልተካካሰ መርፌው የቦዩን ውስጠኛ ግድግዳ ከውጪኛው አብልጦ ይጫነዋል። በስቴሪዮ ሸክላ ላይ ሁለቱ ግድግዳዎች የግራና የቀኝ ድምፅ ስለሆኑ፣ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ያረጃል።

ማጠቃለያ

አንድ ግምታዊ ስሌት ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። የ2 ግራም ጫና 0.02 ኒውተን ያህል ነው። መርፌው ሁለቱን ግድግዳዎች የሚነካበት ጠቅላላ ስፋት 100 ማይክሮ ሜትር ስኩዌር ነው ብንል፣ በቦዩ ላይ የሚያርፈው ግፊት 200 ሚሊዮን ፓስካል፣ ማለትም ከከባቢ አየር ግፊት 2,000 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ይሆናል። ይህ ኃይል በትክክለኛው አቅጣጫና በሁለቱ ግድግዳዎች ላይ እኩል ሲያርፍ ቦዩ ለብዙ ዓመታት ይሸከመዋል። ሲዛባ ግን በየጨዋታው ጥቂት ጥቂት ይፋቃል።

የተሰበረ ክንድ ይተካል፤ ያረጀ መርፌም ይገዛል። ከኀምሳ ዓመት በፊት በጥቂት ቅጂ ታትሞ፣ ዋናው ቅጂ የት እንዳለ የማይታወቅ አንድ የባለ 45 ዙር ሸክላ ግን ምትክ የለውም። ስለዚህ አዲስ ክንድ ለመትከል ትራፓኖ ከማንሳት በፊት ማስመሪያና እርሳስ ይነሣ። ርቀቱ፣ መጠነ ቁሱና ከፍታው በወረቀት ላይ ሲስማሙ፣ ቀሪው የእጅ ሥራ ብቻ ይሆናል።

ለልምምድ

1. የቴክኒክስ ኤስ ኤል 1200 ክንድ ርዝመት 230፣ ርቀቱ 215 ሚሊ ሜትር፣ ማዕዘኑ 22 ዲግሪ ነው። ሁለቱን ዜሮ ነጥቦች ፈልጉ።

2. የዚሁ ክንድ ውጤታማ መጠነ ቁስ 12 ግራም ነው። ከላይ የተጠቀሰው ባለ 7.2 ግራም ካርትሪጅ በ0.8 ግራም ቪቴዎች ቢታሰርበት፣ የሬዞናንስ ድግግሞሹ ስንት ይሆናል? በተፈለገው ክልል ውስጥ ይውላልን?

መልስ፦ 1. 58.8 እና 113.5 ሚሊ ሜትር። 2. 8 ኸርዝ ገደማ፤ በክልሉ የታችኛው ጠርዝ ላይ ስለሆነ በጣም የተጣመሙ ሸክላዎች ላይ ጥንቃቄ ያሻዋል።